ለበጎ ፈቃደኛ መምህር የሚሰጥ የትምህርት ቁሳቁስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የሦስቱ ጉዳይ አንድ ሆኖ ስላገኘነው ዓምዱን ለእነርሱ ብቻ ሰጥተነዋል። ሦስቱም ጸሐፊዎች ከውጭ አገር መጥተው በጣና ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች በበጎ ፈቃድ ለሚያስተምሩ ሰዎች ስለሚደረግ የቁሳቁስ ድጋፍ ይጠይቃሉ፤ የመጀመሪያዋ መምህርቷን በቤቷ ያስጠጋች እናት፣ ሁለተኛው ዕቃ ላኪ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሥራ ባልደረባ ናቸው። ስማቸው እንዳይገለጽ በጠየቁት መሠረት የሁሉንም ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከአየርላንድ መጥታ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር በሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ በበጎ ፈቃድ የምታስተምር ወጣት ግቢዬ ውስጥ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። እንደ ልጄ ነው የማያት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጇ በጠመኔ ነጥቶ፣ ሲመሽ ደግሞ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ከብስኩት ካርቶን የፊደል ካርድ ስትቆርጥ ሳይ ሆዴ ይባባል። አገሯ ያሉ ወዳጆቿ ዕቃ ሰብስበው ሊልኩላት እንዳሰቡ ነግራኛለች፤ እኛም ቡና የምንጠራራ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን የአቅማችንን ልናደርግ ተስማምተናል። ከውጭ ምን ቢመጣ፣ እዚህስ ምን ቢገዛ ይሻላል? የምንሰጠውስ በማን ስም ይሁን?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድመው መምህርቷን ራሷን ይጠይቋት፤ ነገር ግን «ምን እንግዛልሽ?» ብለው ባይጀምሩ ይሻላል። እንዲህ ተብላ የተጠየቀች እንግዳ ወይ ይሉኝታ ይዟት «ምንም አያስፈልግም» ትላለች፣ ወይም በአፏ የመጣላትን ትናገራለች። ይልቁንስ ቡናው ላይ ሆነው ክፍሏ ውስጥ ስንት ልጆች እንዳሉ፣ በአንድ ዴስክ ላይ ስንት ሆነው እንደሚቀመጡ፣ ሰሌዳው ጠመኔ ይይዝ እንደሆነ፣ መብራት መኖር አለመኖሩን፣ በሩና ቁም ሳጥኑ ይቆለፍ እንደሆነ፣ ባለፈው ሳምንት ልታስተምር አስባ በዕቃ እጦት የተወችው ትምህርት የቱ እንደሆነ ይጠይቋት። ከእነዚህ መልሶች የሚወጣው ዝርዝር ማናችንም በግምት ከምንጽፈው በእጅጉ ይለያል።

የተማሪው ቁጥር በተለይ ወሳኝ ነው። በእኛ ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል 60 እና ከዚያ በላይ ልጆች መቀመጣቸው እንግዳ ነገር አይደለም፤ አገሯ ያሉ ወዳጆቿ ግን በአእምሯቸው የሚሥሉት የዚህን ግማሽ እንኳ የማይሞላ ክፍል ሊሆን ይችላል። ለ30 ልጆች የሚበቃ የቀለም እርሳስ በእንዲህ ያለ ክፍል ፊት ሲከፈት የሚፈጠረውን እናት ለሆነ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ግማሹ ልጅ ተደስቶ፣ ግማሹ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መምህርቷም ላልሰጠቻቸው ልጆች ስትጨነቅ ትሰነብታለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚታደል ነገር ከሆነ ለሁሉም መዳረሱ አስቀድሞ ይረጋገጥ፤ የማይዳረስ ከሆነ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ካርታ ወይም በቡድን እንደሚነበብ የታሪክ መጽሐፍ የክፍሉ የጋራ ንብረት ሆኖ የሚቆይ ነገር ይመረጥ።

ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ማስመሪያና ጠመኔ እዚሁ ባሕር ዳር ይገዙ። ሁሉም በከተማችን የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች አሉ፤ በጅምላ ሲገዙም ዋጋቸው ይቀንሳል። ደብተርና ወረቀት ከባድ ስለሆኑ ከአውሮፓ ለማምጣት የሚከፈለው የማጓጓዣ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በባንክ የሚላክ ዩሮ ወይም ዶላር የሚያስገኘው ብር በጣም ስለጨመረ፣ ወዳጆቿ ለካርቶን መላኪያ የሚያወጡትን ገንዘብ ብቻ ቢልኩ እንኳ ለብዙ ልጆች ደብተር ይገዛል። እዚህ የሚታተመው ባለ 50 ሉክ ደብተር ልጆቹ የለመዱት፣ ሌላው ተማሪ ሁሉ የያዘው ዓይነት ነው፤ ከክፍል ጓደኛ ተለይቶ በሚያብለጨልጭ ደብተር መታየት ለአንዳንድ ልጅ ሸክም እንደሚሆን መዘንጋት የለበትም።

የእናንተ የጎረቤታሞች መዋጮ የት ቢውል ደስ እንደሚለን ከጠየቁን ደግሞ ሰሌዳው ላይ ነው እንላለን። ብዙ ጥቁር ሰሌዳዎች ቀለማቸው ለቅቆ፣ ፊታቸው ተሰነጣጥቆ፣ በመጨረሻው ረድፍ ላለ ልጅ የተጻፈው የማይነበብ ሆኗል። አንድ ጣሳ የሰሌዳ ቀለም፣ ጥቂት ብርጭቆ ወረቀትና የአንድ ቅዳሜ ጉልበት ያን ሰሌዳ መልሶ ያቆመዋል፤ ተጠቃሚው የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በዚያ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ነው። ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ሴት ተማሪዎች ካሉ የንጽሕና መጠበቂያ ከዝርዝሩ እንዳይቀር፤ ጉዳዩን ከሴት መምህራን ጋር በጸጥታ መነጋገር ከእናንተ በላይ የሚችል የለም።

ከውጭ ሊመጣ የሚገባው በአንጻሩ ቀላል ክብደት ያለውና እዚህ በቀላሉ የማይገኘው ነው፦ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ያላቸው የእንግሊዝኛ ማንበቢያ መጻሕፍት፣ የድምፅና የፊደል ካርዶች፣ ለመምህራን የሚሆን ጥሩ መዝገበ ቃላት፣ የማይደነዝዝ መቀስ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ አነስተኛ ድምፅ ማጉያ። የነጭ ሰሌዳ ማርከር ብዙ ሰው የሚያስበው ስጦታ ነው፤ ነገር ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አይሠራም፣ ነጭ ሰሌዳ ቢኖር እንኳ ቀለሙ ካለቀ በኋላ የሚተካው ሰው ያስፈልጋል። መጻሕፍቱ ሲመረጡ ይዘታቸው ይታይ። በክልላችን በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በመቆየታቸው ዘግይተው ወደ ክፍል የተመለሱ ልጆች አሉ፤ የ13 ዓመት ልጅ በቀላል ቃላት የተጻፈ መጽሐፍ ያስፈልገዋል፣ ነገር ግን ለአራት ዓመት ሕፃን የተሣለ ሥዕል ሲሰጠው ያፍራል። ሥዕሉ ሁሉ የበረዶ ሰውና የባቡር ጣቢያ ከሆነም ልጁ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ነገሩንም አዲስ መማር ይኖርበታል። የደንገል ታንኳን፣ ጉማሬን፣ አምባዛና ቀረሶን፣ የቡና ለቀማን የሚያሳይ ካርድ እዚሁ ቢሣል፣ የሚያውቀውን ነገር በአዲስ ቋንቋ ለመጥራት ብቻ ይተጋል።

እዚህ ላይ በየገጠር ትምህርት ቤቱ የምናየውን አንድ ሥራ ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። መምህራን የማዳበሪያ ከረጢት አጥበው፣ ስፌቱን ተርትረው ይዘረጉትና በነጩ ገጽ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ፣ የሰውን የሰውነት ክፍሎች ወይም የእንግሊዝኛ ፊደላትን በቀለም ይሥሉበታል። ከላይና ከታች ዘንግ ገብቶበት ይሰቀላል፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ተጠቅልሎ ጥግ ይቆማል፤ እንደ ወረቀት አይቀደድም፣ የክረምቱ እርጥበትም ቶሎ አያበላሸውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥሩ ቀለምና ብሩሽ ነው፤ ይህንንም የእናንተ መዋጮ በቀላሉ ይሸፍነዋል።

በማን ስም ይሁን ላሉት መልሳችን አጭር ነው፦ በትምህርት ቤቱ ስም። ዕቃው ለርእሰ መምህሩ ቀርቦ፣ የንብረት ክፍሉ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ተቀብሎ ይመዝግበው፤ የወላጅ መምህር ኅብረትም ይወቀው። መምህርቷ ከንብረት ክፍል በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ደረሰኝ፣ አውጥታ ትጠቀምበታለች። ይህ አሠራር የቢሮ ጣጣ ሊመስላት ስለሚችል እርስዎ ያስረዱልን። የተመዘገበ ንብረት እርሷ አገሯ ከገባች በኋላም ተፈልጎ ይገኛል፤ በእጅ የተሰጣት ግን ቤት ስትለቅ በማን እጅ እንደሚቀር አይታወቅም። ማስቀመጫውንም አይርሱ፦ በአፈር ወለል ላይ የተቀመጠ ካርቶን ምስጥ ስለሚበላው ክዳን ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ከመጻሕፍቱ ቀድሞ ይገዛ።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት በባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ሲሆን አሁን የምኖረው ቶሮንቶ ነው። የሥራ ባልደረባዬ የሆነ ካናዳዊ ለአንድ የትምህርት ዓመት ፈቃድ ወስዶ በትውልድ አካባቢዬ በበጎ ፈቃድ እያስተማረ ነው። እኔም የቀሩትን ባልደረቦቻችንን አስተባብሬ አምስት ካርቶን ዕቃ ሰብስቤያለሁ፦ ያገለገሉ መጻሕፍት፣ የልጆች ልብስ፣ አራት አሮጌ ላፕቶፖች፣ እንዲሁም ተማሪዎቹ የጣናን ወፎች እንዲያጠኑበት አንድ ባይኖኩላር። በምን መንገድ ልላከው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሰፈርዎን ልጆች በማሰብዎ እጅግ ደስ ብሎናል፤ ከመላክዎ በፊት መጠየቅዎም ብዙ ወጪ ያድንልዎታል። አምስቱን ካርቶን እንዳሉ እንዳይልኳቸው እንመክራለን።

ባይኖኩላሩን ከካርቶኑ ያውጡት። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ባይኖኩላር ያለ ፈቃድ ወደ አገራችን ሲገባ ቦሌ ላይ የሚያዝ ዕቃ ስለሆነ፣ ይዞት የሚመጣው ሰው ለእንግልት ይዳረጋል። ያገለገለ ልብስም ለጉምሩክ ክርክር የሚጋብዝና ከክፍል ትምህርት ጋር የማይገናኝ በመሆኑ እዚያው ለሚያስፈልገው ሰው ቢሰጥ ይመረጣል። ላፕቶፖቹን በተመለከተ ባልደረባዎን ትምህርት ቤቱ አስተማማኝ መብራትና የሚቆለፍ ክፍል እንዳለው፣ ሲበላሹ የሚጠግን ሰው እንደሚገኝ ይጠይቁት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አራቱ ላፕቶፖች ዓመት ሳይሞላቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ይቀራሉ። ባትሪው የሚሠራ አንድ ብቻ መርጠው፣ ትምህርት ሚኒስቴር ያሰራጫቸውን የመማሪያ መጻሕፍት ኮፒዎች ጭነው ቢልኩ ግን ለመምህራኑ ትልቅ እገዛ ነው።

መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ይዩአቸው። ገጹ የጎደለ፣ የተጻፈበት፣ ለካናዳ ታሪክና ሕግ ትምህርት ብቻ የተዘጋጀ ሁሉ ይቅር። የቀረው ምናልባት አንድ ሻንጣ ቢሞላ ነው፤ ሻንጣ ደግሞ ከካርቶን የተሻለ መንገድ አለው። ከቶሮንቶ ለዘመን መለወጫ ወይም ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የሚመጣ የምታውቁት ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ሻንጣ ብዙውን ጊዜ 23 ኪሎ ስለሚፈቀድለት፣ ለሁለትና ለሦስት ሰው ከፋፍሎ ማስያዝ ይቻላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት በአንድ ሻንጣ ካለ ግን ለንግድ የመጣ ሊመስል ስለሚችል ተደባልቆ ይታሸግ፤ ዝርዝሩና ትምህርት ቤቱ በማኅተም የጻፈው የድጋፍ ጥያቄ ደብዳቤ ከሻንጣው ጋር ይኑር።

በፖስታ ለመላክ ከመረጡ በአገራችን ጥቅል ብዙውን ጊዜ ቤት ድረስ እንደማይመጣ፣ ተቀባዩ ፖስታ ቤት ሄዶ በጉምሩክ ተፈትሾ እንደሚረከብ፣ ቀረጥም ሊጠየቅ እንደሚችል ለባልደረባዎ ይንገሩት፤ ሳያውቁ የሚላክ ስጦታ ተቀባዩን ዕዳ ውስጥ ይከታል። ከቀረጥ ነጻ የማስገባት ጉዳይ በግለሰብ ስም በቀላሉ የሚፈጸም አይደለም፤ ብዙ ዕቃ የሚላክ ከሆነ ከመጫኑ በፊት የተመዘገበ ድርጅት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀባይ ሆኖ መስማማት አለበት።

ከባልደረቦችዎ ዘንድ ገንዘብ ማሰባሰብ ከቻሉ ደግሞ ከካርቶኖቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሥራ እንጠቁምዎ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል የታተሙ የመማሪያ መጻሕፍት ለሁሉም ተማሪ ሳይዳረሱ ቆይተዋል። ባልደረባዎ ከሚያስተምርበት ክፍል መጽሐፍ ዋና ዋና ምዕራፎቹን ባሕር ዳር ካሉ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አባዝቶ፣ ጠርዞ፣ በየዴስኩ አንድ አንድ ማስቀመጥ ይቻላል። ልጆቹ የሚፈተኑት ከዚያ መጽሐፍ ነው፤ ከቶሮንቶ የሚመጣ የትኛውም መጽሐፍ ይህን ቦታ አይተካም።

ጥያቄ፦ በዘጌ አካባቢ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ከውጭ መጥታ ከእኛ ጋር የምታስተምረው ባልደረባችን ሰው አክባሪና ትጉህ ናት፤ በእርሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ዕቃው ሁሉ በእርሷ ስም ይመጣል፣ በእርሷ ክፍል ይቀመጣል። እኔ ከጎን ባለው ክፍል በስባሪ ጠመኔ ሳስተምር ልጆቹ በግድግዳው ቀዳዳ የእርሷን ባለቀለም ሥዕሎች ያያሉ። እስክሪብቶ ያለቀበት ልጅም ወደ እርሷ ነው የሚሮጠው። ይህን ብናገር ቅናት እንዳይመስልብኝ ዝም ብያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ይህ ቅናት አይደለም። ልጆቹ «ዕውቀትም ዕቃም ከውጭ ሰው ነው የሚመጣው» የሚል ትምህርት ማንም ሳያስተምራቸው እየተማሩ መሆኑን አይተዋል፤ ይህን ማየትና መናገር ከመምህር የሚጠበቅ ነው። ዝምታዎ የሚጎዳው እርስዎን ብቻ አይደለም፤ ሳታውቀው ባልደረቦቿን እያሳነሰች ያለችውን መምህርትም ይጎዳታል፤ ነገሩን ብታውቅ በእጅጉ እንደምታዝን ከደብዳቤዎ እንረዳለን።

በአገራችን የውጭ በጎ ፈቃደኛ መምህራን ታሪክ አጭር አይደለም። የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት በ1955 ዓ.ም. መባቻ በመቶዎች ሆነው መጥተው በየአውራጃው አስተምረዋል፤ በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች ዛሬም ድረስ በፍቅር ያነሷቸዋል። ሁሉም ጊዜያቸውን ጨርሰው ሄደዋል፤ ክፍሉን የተረከበው ኢትዮጵያዊው መምህር ነው። የእናንተም ባልደረባ ትሄዳለች። ስለዚህ አንድ ስጦታ ጥሩ መሆኑን የምንለካው እርስዎ በሚቀጥለው መስከረም ብቻዎን ክፍል ሲገቡ በእጅዎ ምን እንደሚኖር በመጠየቅ ነው። ለጋሾች ይህን መለኪያ ቢይዙ ኖሮ ካርቶኖቹ ላይ የሚጻፈው ስም ከመጀመሪያው ሌላ በሆነ ነበር።

የምንመክርዎ ለብቻዋ አግኝተው፣ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ማስተማሩ እንዲያወሯት ነው። «የክፍለ ጊዜ ዕቅዳችንን አብረን እናውጣ፣ የሚያስፈልገንን መርጃ መሣሪያም አብረን እንዘርዝር» ይበሏት። ዝርዝሩ የሁለታችሁንም ፊርማ ይዞ በርእሰ መምህሩ በኩል ይውጣ፤ ለለጋሾቿ የምትልከውም ያንኑ ይሁን። የሚመጣው ዕቃ በአንድ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ቀርቶ የትምህርት ቤቱ መርጃ መሣሪያዎች ወደሚቀመጡበት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ይግባ፤ ሁሉም መምህር እየፈረመ ያውጣ፣ ይመልስ። ለተማሪ የሚታደል ነገር ሲኖር የክፍል ኃላፊ መምህሩ ወይም የወላጅ መምህር ኅብረቱ ያድለው፤ እርሷ ራሷ ማደሏን ብታቆም ልጆቹ እስክሪብቶ ፍለጋ ወደ እርሷ መሮጣቸው ቀስ በቀስ ይቀራል።

እርስዎም ለእርሷ የሚሰጡት ብዙ ነገር እንዳለዎት እንዳይረሱ። የዘጌ ልጆች በሬ ጠምዶ ማረስ ባልተለመደበት፣ ቡናና ጌሾ ኑሮ በሆነበት ምድር ያደጉ መሆናቸውን፣ የእርሻ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ለእነርሱ ከሌላው አካባቢ ልጅ ይልቅ እንግዳ እንደሚሆን ከእርስዎ በተሻለ የሚነግራት የለም። አብራችሁ የቡና ለቀማን ሂደት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ሥላችሁ፣ ግሦቹን በእንግሊዝኛ ብታስተምሩበት፣ በካርቶን ከመጣው ካርድ ሁሉ የበለጠ ያገለግላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢም ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ተማሪዎች አሉ፤ በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ብትጠይቁ መርጃ መሣሪያ በማዘጋጀት የሚተባበሩ አይጠፉም።

ስለ ፎቶግራፍም አንድ ነገር እናክል። ለጋሾች ዕቃው መድረሱን ማወቅ መብታቸው ነው፤ ለዚህ ግን የሞዴል 19 ኮፒና ዕቃው በሥራ ላይ ሲውል የሚያሳይ ሥዕል ይበቃል። ልጆችን ደብተር አስይዞ አሰልፎ ማንሣት፣ በተለይም ወላጅ ሳይፈቅድ ፊታቸውን በኢንተርኔት መበተን፣ ትምህርት ቤቱ ሊከለክለው የሚገባ ነው። ይህን ባልደረባዎ ብቻዋን ለወዳጆቿ ለመናገር ልትቸገር ስለምትችል ርእሰ መምህሩ በደብዳቤ ቢያሳውቅላት ይቀላታል።

የመሄጃዋ ቀን ከታወቀ ርክክቡን እስከ መጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። በሰኔ ፈተናና የውጤት ሥራ ስለሚደራረብ ግንቦት ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው፦ ንብረቱ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር፣ የጎደለው ይጻፍ፣ ያዘጋጀችው የትምህርት ዕቅድና ካርድ ሁሉ ለእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ይሰጥ፣ የማዕከሉም ቁልፍ ክረምቱን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሚቆይ ሰው እጅ ይግባ።